ቄቧን አታስቸኩያት

የወንድሜ ልጅ፣ ባለፈው እሑድ ቡናው ቶና ሲደርስ "አጎቴ፣ መርፌው ካለ በጓ መቼ እንደምትወልድ የምወስነው እኔ ነኝ" ብለሽ ስትስቂ ዝም ያልኩት ተስማምቼ እንዳይመስልሽ። እንግዳ ነበረና ነው። እኔም በአንቺ ዕድሜ ይህንኑ እል ነበር። በካፋ ከአዲዮ እስከ ዴቻ፣ መጀመሪያ በበቅሎ፣ ኋላም በሞተር ብስክሌት እየዞርኩ የእንስሳት ጤና ሥራ የሠራሁት ሠላሳ ዓመት ነው፤ ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አሥር ያጠፋሁት በመቸኮል ነው። ልብሽ ደግ፣ እጅሽም ፈጣን መሆኑን አይቻለሁ። ደብተርሽን ግን ገልጬ ሳየው ባዶ ነበር። ስለዚህ ተቀመጪና ስለ ቄብ በግ፣ ገና ስላልወለደችዋ ሴት ጠቦት፣ የማውቀውን በቁጥር ልንገርሽ።

1. እንስሳዋን ከመንካትሽ በፊት በውስጧ ያለውን ሰዓት እወቂ። ቄብ ከተወለደች ጀምሮ የሚያስፈልጋት ሁሉ አላት፤ እንቁላሎቿ በማፍሪያቸው ተቀምጠዋል፣ ማህፀኗም በቦታው ነው። የጎደለው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ከአንጎሏ ሥር ካለች ትንሽ ክፍል ይነሳና ጠብ ጠብ እያለ ፒቱታሪ ለምትባለው እጢ ይደርሳል፤ እጢዋም በደም አድርጋ ወደ እንቁላል ማፍሪያው ሁለት ሆርሞኖች ትልካለች። ማፍሪያው ሲነቃ ኤስትሮጅን ያመነጫል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠቦቷ ትንሽ ሳለች አንጎሏ ያችን ጥቂት ኤስትሮጅን ገና ሲቀምሳት "በቃ" ብሎ ትእዛዙን ይዘጋል። እያደገች ስትሄድ ይህ ድንጋጤ ይለቀዋል፤ ጠብታው ይቀራረባል፣ በመጨረሻም በየሰዓቱ ገደማ ይሆናል። ኤስትሮጅኑም ከፍ ይላል። ከፍ ሲል ደግሞ ያው ሲከለክል የኖረው ነገር ተገልብጦ ጎርፉን ይለቅና እንቁላሏን ያወርዳል። ገበሬው "ደርሳለች" የሚላት ያኔ ነው። ዓይንሽ የሚያየው ጡቷንና ዳሌዋን ነው፤ አስቀድሞ የደረሰው ግን አንጎሏ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው መርፌውን የበር ቁልፍ ያደርገዋል፤ በሩ ገና ያልተሠራ መሆኑን አያይም።

2. የአሳማን ነገር አትናቂ። እኛ ዘንድ አሳማ ማለት ከጫካ ወጥቶ እንሰቱንና በቆሎውን የሚያርስ የሌሊት ሌባ ነው፤ የሚያረባውም ሰው በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ ካልሆነ እምብዛም አይገኝም። ሳይንሱ ግን ከእሱ ብዙ ተምሯል። ቅድም ያልኩሽን ከአንጎል የሚወርድ ትእዛዝ ፍለጋ ሁለት ተቀናቃኝ ሊቃውንት ዓመታት ፈጅተዋል፤ አንድሪው ሻሊ ከመቶ ሺህ በላይ የአሳማ አንጎል ቁራሽ ሲያስፈጭ፣ ሮዠ ጊዬማ ደግሞ የበግ አንጎል ከቄራ በገፍ እየሰበሰበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የሆርሞኑ አወቃቀር ታወቀ፤ በ1977 ሁለቱም ከሮዛሊን ያሎው ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ተኮራርፈው መድረክ ላይ የወጡ ሰዎች ናቸው ይባላል፤ ያገኙት ግን አንድ ነገር ነው። በአሳማም በበግም የሚሠራው ያው አሥር አሚኖ አሲዶች ያሉት አጭር ሰንሰለት ነው። ስለዚህ ስለ ሴት አሳማ የተጻፈ ነገር ብታገኚ "ይሄ ለኛ አይሆንም" ብለሽ አትዝጊው። ልዩነቱን ብቻ ለይተሽ ያዢ፤ የአሳማዋ ዙር 21 ቀን ነው፣ የበጓ 17፤ አሳማዋ 114 ቀን ትሸከማለች፣ በጓ 150 ያህል።

3. ወር አትቁጠሪ፣ መዝኚ። "ስንት ወሯ ነው?" ብለሽ ስትጠይቂ ሰምቼሻለሁ። ገበሬው ካልጻፈው ደግ ልቡ የሚፈልገውን ወር ይነግርሻል። የቄብ አንጎል የሚያነበው የቀን መቁጠሪያ የለም፤ የሚያነበው ስቧንና ሥጋዋን ነው። ከስብ የሚወጣ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን "ስንቅ አለ" ብሎ መልእክት ያደርሳል፤ ስንቅ ከሌለ ጠብታው አይቀራረብም። መልእክቱን ተቀብለው ለዋናው ትእዛዝ ሰጪ የሚያቀብሉ ሕዋሳት አሉ፤ የሚረጩት ቅመም ኪስፔፕቲን ይባላል። ስሙን ያወጡለት በአሜሪካ ሄርሺ በምትባል ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች በከተማዋ ቸኮሌት ስም ነው፤ ካፋ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምንለው አውቃለሁ። ለሥራሽ የሚበጀው ግን ይህ ነው፦ ቄቧ የጎለመሰች እናት ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህል ሳትደርስ ለስሪያ አታቅርቢያት። የመንደሩ እናት በጎች 33 ኪሎ የሚመዝኑ ከሆነ 22 ኪሎ ጠብቂ። የእኛ የቦንጋ በግ በገበሬ እጅ ስትያዝ መጀመሪያ የምትወልደው በአማካይ በ15 ወሯ ገደማ መሆኑ ተመዝግቧል፤ አምስቱን የእርግዝና ወር ብትቀንሺ በ10 ወሯ ትይዛለች ማለት ነው። አንዳንዷ ከዚያ ቀድማ በ7 ወርም ትነሳሳለች። መነሳሳቷ መቻሏን አያሳይም። ዳሌዋ ሳይሰፋ የያዘች ቄብ ስትወልድ ታምጣለች፣ ወተቷም ያንሳል፤ ልጇን ጥላ የምትሄደውንም አይቻለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት ለገበታ ብቻ አይደለም።

4. እንድትደርስ የምትፈልጊ ከሆነ ከጡት ከተለየች ቀን ጀምሮ መግቢያት። ሆርሞን ከፋርማሲ ሳይሆን ከግጦሽ ይጀምራል፤ ገበሬ ቤት ስትገቢ መጀመሪያ ይህን ተናገሪ። የስኳር ድንች ሐረግ፣ የእንሰት ቅጠል፣ የባቄላ ገለባ፣ የጠላ አተላ፣ ከዚያ ላይ ጨው፤ ሁሉም በደጃፉ ያለ ነገር ነው። የውስጥ ጥገኛ ትል ያለባት ቄብ ግን ብትበላም ለትሉ ነው የምትበላው፤ በእኛ እርጥብ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲዮ አንድ ቤት ከአንዲት እናት የተወለዱ መንታ ቄቦች አይቼ ነበር። አንዷ ለልጅ ተሰጥታ በደጅ እየተንከባከባት አደገች፣ ሌላዋ ቁልቁለት ላይ በችካል ታስራ ትውላለች። የመጀመሪያዋ ወልዳ ስታጠባ ሁለተኛዋ ገና አውራ አላወቀችም። ደማቸው አንድ ነው፤ የለያያቸው ገመዱ ነው።

5. የመጀመሪያውን ድራት አትመኚው። የቄብ የመጀመሪያ እንቁላል ብዙ ጊዜ በዝምታ ትወርዳለች፤ ምልክት የለም፣ አውራውም አያውቅም። ምክንያቱ አንጎሏ የድራትን ጠባይ ለማውጣት አስቀድሞ ፕሮጄስትሮን መቅመስ ስላለበት ነው፤ ፕሮጄስትሮን ደግሞ የሚመጣው እንቁላል ከወረደች በኋላ በቦታዋ ከሚበቅለው ቢጫ አካል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ልምምድ ነው በይው። አሳማ አርቢዎችም ቢሆኑ ጥንቁቆቹ የመጀመሪያውን አሳልፈው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ነው የሚያስጠቁት፤ የምትጥለው እንቁላል ቁጥር ይጨምራልና።

6. አውራውን ዓይንሽና አፍንጫሽ አድርጊው። ላም ድራት ላይ ስትሆን ትጮኻለች፣ ሌላ ላም ላይ ትወጣለች፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። በግ ግን ጨዋ ናት፤ አንድ ቀን፣ ቢበዛ አንድ ቀን ተኩል፣ ጭራዋን እየነቀነቀች ወደ አውራው ትጠጋለች፣ አለቀ። እኛ ደግሞ እህል በማሳ ሲኖር በጎቻችንን ሁሉ በየደጃችን በችካል እናስራለን። ታስራ የዋለች ቄብ ማን ጋ ትጠጋ? ከዚያ "መካን ናት" ተብላ ለበዓል ትሸጣለች። መካኑ ገመዱ መሆኑን የሚያስብ የለም። አውራው ጠዋትና ማታ በየታሰሩት ዘንድ ይዙር፤ ስሪያ እንዳይፈጽም ከፈለግሽ ሆዱ ሥር ጨርቅ እሰሪለት።

የአውራው ጥቅም ግን በዚህ አያበቃም፤ ራሱ መድኃኒት ነው። ከአውራ ሽታ አንድ ወር ያህል ርቃ የቆየችና ለመድረስ ጥቂት የቀራት ቄብ አዲስ አውራ ሲገባ ከአንጎሏ የሚወርደው ጠብታ ወዲያውኑ ይፈጥናል፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እንቁላል ልትወርድ ትችላለች። ይህችም ዝምተኛ ናት፤ የሚታየው ድራት ከሁለት ሳምንት ተኩል እስከ ሦስት ሳምንት ተኩል ባለው ጊዜ ይመጣልና ተስፋ አትቁረጪ። አሳማ ላይ ይህ ነገር የበለጠ ጎልቶ ይታያል። አምስት ወር ተኩል የሞላቸው ሴት አሳማዎች በየቀኑ ከጎለመሰ አውራ ጋር ሲገናኙ ብዙዎቹ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይነሳሳሉ። ሥራውን የሚሠራው የአውራው ለሃጭ ላይ ያለው ሽታ ነው፤ ከአሥር ወር በታች የሆነ አውራ ያን ሽታ በቅጡ የለውምና አይረባም። ገና በጣም ትንሽ ሳሉ ከአውራ ጋር ያደጉት ደግሞ ይለምዱትና አይደነቁበትም። በግም ላይ ይህን አስቢ፦ ሁልጊዜ ደጅ ያለ አውራ ዜና አይሆንም።

7. የፈረንጅ ወቅት አትጠብቂ። መጽሐፍሽ ላይ በግ የምትደራው ቀኑ ሲያጥር በመከር ነው የሚል ታገኛለሽ። እነሱ አገር እውነት ነው፤ ሌሊቱ ሲረዝም በጨለማ የሚመነጨው ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ለአንጎሏ ወቅቱን ይነግራታል። ቦንጋ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሰባት ዲግሪ ላይ ነች፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። የእኛ በግ ዓመቱን ሙሉ ትወልዳለች። ወቅት የሚሠራባት በመኖ በኩል ነው።

8. ወንድሟንና አባቷን አርቂ። ወንድ ጠቦት በ7 ወሩ ገደማ ይደርሳል፣ ብዙውን ጊዜ ከእህቱ ቀድሞ ማለት ነው። ከገበሬው ጋር ሆነሽ የማይመረጡትን በጊዜ አስቀጥቅጡ፤ ሙክት ይሁኑ። አውራውም ልጆቹ ሳይደርሱ ወደ ሌላ መንደር ይሻገር። ይህን ያህል ይበቃል፤ ታውቂዋለሽ፣ አታደርጊውም እንጂ።

9. አሁን ወደ መርፌሽ እንምጣ። በውስጡ ያለው ፕሮስታግላንዲን እዚህ የሚፈለገው ለአንድ ሥራ ነው፤ ቢጫውን አካል ያፈርሳል። ማህፀኗ ራሷ፣ ካላረገዘች፣ በዙሩ መጨረሻ ላይ ይህንኑ ቅመም አውጥታ ታፈርሰዋለች፤ አንቺ ጊዜውን አስቀደምሽባት እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠርሽም። ፈርሶ ፕሮጄስትሮን ሲወርድ በሁለት በሦስት ቀን ድራት ይመጣል። እንግዲህ አስቢ፤ ያልደረሰች ቄብ ቢጫ አካል የላትም። የሌለ ነገር አይፈርስም። ብትወጊያት መድኃኒቱ ይባክናል፣ እሷም ዝም ትላለች፣ ገበሬው ደግሞ "የመንግሥት መርፌ አይሠራም" ይላል፤ በሚቀጥለው ዓመት በሩን አይከፍትልሽም። የደረሰችውም ብትሆን እንቁላል ካወረደች አምስት ቀን ካልሞላት ቢጫው አካል ለጋ ነውና መርፌውን አይሰማም። ሁለት ጊዜ በአሥራ አንድ ቀን ልዩነት ገደማ የሚወጋው ለዚህ ነው፤ በመጀመሪያው ያመለጠችው በሁለተኛው ትያዛለች። ያልደረሱትንም የሚቀሰቅስ፣ ከእርጉዝ ባዝራ ደም የሚወጣ ሆርሞን አለ፤ ለአሳማም ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። ግን እሱ አንዴ ካስነሳቸው በኋላ ተመልሰው ዝም የሚሉ አሉ፤ አካሉ ያልበቃ እንስሳ በሰው ግፊት የጀመረውን በራሱ አይቀጥልም።

10. ሳትመረምሪ አትውጊ። ይህን ስናገር ፊቴን አትዪ። በአንድ መንደር ለሥራ ዘመቻ ወጥተን ሳለ ሰዓቱ መሽቶብኝ፣ ሰልፉ ረዝሞ፣ "እርጉዝ አለች?" ብዬ ጠይቄ "የለችም" ያሉኝን አምኜ ወጋሁ። በግ በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ሃምሳ ቀናት ገደማ ፅንሷን የሚጠብቅላት ያው ቢጫ አካል ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው የእንግዴ ልጁ ሥራውን የሚረከበው። በሳምንቱ ስመለስ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አልተቆጣችም። "መንታ ነበሩ" ብቻ አለችኝ። ያንን ቃል እስከዛሬ ተሸክሜዋለሁ። ከአውራ ጋር መቼ እንደዋለች ካልታወቀ ተዪያት፤ ወይ አውራውን አርቀሽ ሁለት ወር ጠብቂና መርምሪ። ፍየል ከሆነች ደግሞ ይበልጥ ፍሪ፤ ፍየል እስክትወልድ ድረስ የምትደገፈው በቢጫው አካል ነው።

11. እጅሽን ጠብቂ። መድኃኒቱ በቆዳ ይገባል። ለበጓ ማህፀን የሚሠራው ለሴትም ማህፀን ይሠራል፣ አስም ያለበትንም ሰው ደረት ያጠብቃል። ጓንት አድርጊ፤ ቢፈስብሽ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ታጠቢ። ነገ አግብተሽ ስታረግዢ ደግሞ ይህን ብልቃጥ ለሌላ ሰው ስጪ፤ ይሉኝታ አያስፈልግም፣ አለቃሽም ቢሆን ቢጠይቅሽ "አጎቴ ከለከለኝ" በዪ። በግ የምትይዝልሽ የገበሬው ሚስት እርጉዝ ከሆነችም ገመዱን ሌላ ሰው ይያዝ።

12. ከያዘች በኋላ እንግዳ አታድርጊያት። ይህ ያስገርምሻል። ገና እያደገች ያረገዘች ቄብ ከመጠን በላይ ስትቀለብ የምትበላው ወደ ራሷ ሥጋ ይሄዳል፤ የእንግዴ ልጁ ያንሳል፣ ግልገሉም ትንሽ ሆኖ ይወለዳል። በመራብም በመጥገብም ትጎዳለች። እኩል፣ ሳይቋረጥ፣ ቀስ እያለ የሚያሳድጋት መኖ ስጫት፤ በመጨረሻው ወር ተኩል ግን ጨምሪላት፤ ግልገሉ ገፍቶ የሚያድገው ያኔ ነው።

13. ጥሩውን አውራ ለበዓል አትሽጡ በይ። ቀንድ የሌለው፣ ላቱ ረጅም፣ ጠጉሩ የሚያበራ ቀይ፣ ቶሎ ያደገ ጠቦት ለማሽቃሬ ባሮና ለመስቀል፣ ለፋሲካም የመጀመሪያው ተፈላጊ ነው። ነጋዴው መጥቶ ምርጡን ይወስዳል፤ ለእናቶቹ የሚቀረው ያልተሸጠው ቀርፋፋ ነው። እንዲህ እያልን ለዓመታት ወደ ኋላ ስንመርጥ ኖርን። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፎቹ የምርምር ተቋማት ከኢካርዳና ከኢልሪ፣ እንዲሁም ከቪየናው የተፈጥሮ ሀብትና ሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በአዲዮ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚመርጥበትን የማርባት ሥራ ሲጀምር እኔ ከተጠራጠሩት አንዱ ነበርኩ፤ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር አውራ አይጋራም ብዬ። ተሳስቻለሁ። ገበሬዎቹ ቦቃ ሹታን የመሰሉ ማኅበራት አቋቁመው፣ የስድስት ወር ክብደት እየመዘገቡ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እየመረጡ፣ ምርጡን ማኅበሩ እየገዛ፣ የተቀረውን እያደለቡ እየሸጡ ዛሬ አውራዎቻቸው ወደ ሌላ ክልል ተጭነው ይሄዳሉ። አንቺ የምትይዢው መርፌና ማዕከሉ በትኩስ ዘር የሚሠራው ሰው ሰራሽ ማዳቀል ጥቅማቸው የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ እናቶች በአንድ ሰሞን ይነሳሳሉ፣ ከአንድ ምርጥ አውራ ዘር ለብዙዎች ይዳረሳል፣ ግልገሎቹም እኩያ ስለሚሆኑ ለማወዳደር ይመቻሉ። የበግ የማህፀን በር ጠመዝማዛ ስለሆነ የላሟን ያህል ቀላል አይደለም፤ እጅሽ እስኪለምድ ከምርምር ማዕከሉ ሰዎች ሥር ሆነሽ ተማሪ።

14. ጻፊ። የተወለደችበት ቀን፣ መንታ ናት ወይስ ነጠላ፣ የእናቷ ቁጥር፣ ጡት ስትለይ ክብደቷ፣ አውራ ያየችበት ቀን፣ የተወጋችበት ቀን። ስድስት መስመር ነው። "በጭንቅላቴ አለ" አትበዪኝ፤ የእኔም ጭንቅላት ነበረ። እናትሽ ቤት ያለችውን ግንባረ ነጭ ቄብ ማንም ወሯን አያውቅም፣ እናትሽም "ደርሳለች" ትላለች። ገጽ አንድ ላይ እሷን አስቀምጪ። የሚንጠለጠለውን ሚዛኔን ይዤ እሑድ እመጣለሁ፤ እስከዚያ አውራ እንዳይጠጋት።